መንጠቆ የያዛት የሐዋሳ ድመት፦ በአኩፓንክቸር ነጥብ ላይ የተሰጠ ትንሽ ማረጋጊያ

ለምን እንደጻፍኩት

ሐዋሳ ውስጥ አንድ የእንስሳት ሐኪም መደርደሪያውን ቢያሳያችሁ የምታዩት የበሬ፣ የላምና የበግ መድኃኒት ነው። ድመት እዚያ መደርደሪያ ላይ እንግዳ ናት። ብልቃጡ የታሰበው ለመቶዎች ኪሎ እንስሳ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የምትመጣው ድመት ግን ሦስት ኪሎ ላትሞላ ትችላለች። ያደነዘዙትን መልሶ የሚያነቃ መድኃኒት ብዙ ጊዜ አይገኝም። ኦክስጅንም የለም። ሐኪሙ እንደ ምንም ብሎ ነው የሚሠራው።

ይህ ጉዳይ እንዲህ ባለ ክሊኒክ ውስጥ ያጋጠመን ነው። አንዲት አሮጊት ድመት፣ አንድ የዓሣ መንጠቆና ደካማ የሚመስል ልብ። ሙሉውን የማረጋጊያ ልክ መስጠት ስላስፈራን በጣም ትንሽ መድኃኒት በአኩፓንክቸር (በቀጭን መርፌ የሚሰጥ የቻይና ባህላዊ ሕክምና) ነጥብ ላይ ወጋን። በከፊል ሠራ፣ በከፊል አልሠራም። መመዝገብ ያለበትም ሁለቱም ነው ብዬ አምናለሁ።

ሰዎቹን በስም አልጠራም። ከታች ያሉት የመድኃኒት ቁጥሮች ለባለሙያ የተጻፉ ናቸው። ድመት ያላችሁ አንባቢዎች ታሪኩን አንብቡት፤ ሲሪንጁን ግን ለሐኪም ተዉት።

ድመቷና ሠፈሯ

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለውን የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደልን፣ የሚያውቅ ሰው ድመቶቹንም ያውቃል። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲገቡና የዓሣው ሆድ ዕቃ ሲወረወር አባ ኮዳው ከላይ፣ ድመቱ ከታች ይሻማል። ቆሮሶ በብዛት የሚያዘው በመረብ ነው። ለአምባዛ ግን መንጠቆም ይጣላል። ረጅም ገመድ ላይ ብዙ መንጠቆ ይታሰርና በየአንዳንዱ ላይ የዓሣ ቁራጭ ይሰካል። የዚያ ቁራጭ ሽታ የሚስበው አምባዛን ብቻ አይደለም።

ድመቷ ዓሣ ጠብሰው የሚሸጡ የአንዲት እናት ነች። ዕድሜዋን ስንጠይቃቸው «ትንሹ ልጄ አንደኛ ክፍል ሲገባ ነው የመጣችው። እሱ ይኸው ዩኒቨርሲቲ ገብቷል» አሉን። ስለዚህ አሥር ዓመት አልፏታል። 2.8 ኪሎ ትመዝናለች። የጀርባ አጥንቷ በእጅ ይቆጠራል። ክትባት አግኝታ አታውቅም።

የቀረበው ችግር

በካርቶን፣ በሲባጎ ታስራ ነው የመጣችው። ለሃጭ ታዝረከርካለች። አፏን መግጠም አቅቷታል። ፊቷን በእግሯ ትቧጭራለች፤ ቤት ሳለችም አልጋ ሥር ገብታ ሰው ሲቀርባት ትነፋ ነበር። ጎረቤት ፍርዱን ጨርሷል፦ «አብዳለች፣ ይግደሏት እንጂ ምን ይጠብቃሉ?»

ይህን አባባል መናቅ አይገባም። በእኛ አገር ለሃጭ የምታዝረከርክና አፏን መግጠም ያቃታት ያልተከተበች ድመት ስትመጣ መጀመሪያ መታሰብ ያለበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ስለዚህ በባዶ እጅ የነካት ሰው የለም። ወፍራም የቆዳ ጓንት አደረግን። እናትየዋን ድመቷ የነከሰችው ወይም የቧጨረችው ሰው እንዳለ፣ ድመቷንም ውሻ ነክሷት እንደሆነ ጠየቅን። «የለም» አሉ። ውሃ ስትሰጧትስ? «ትፈልጋለች ዶክተር፤ አፏን ታስጠጋና ታማታለች።»

ባልደረባዬ የስልኩን መብራት በካርቶኑ ቀዳዳ ሲያበራ በግራ በኩል ከከንፈሯ የተንጠለጠለ የናይለን ክር ብልጭ አለ። ግማሽ ስንዝር አይሆንም። ከዚያ በኋላ ቀሪው ግልጽ ሆነ። መንጠቆው የላይኛውን ከንፈር ከውስጥ ወግቶ ጠልቋል፤ ወደኋላ የዞረችው እሾህ ግን በቆዳው በኩል አልወጣችም። ከንፈሩ አብጧል፣ መግል መግል ይሸታል። ቢያንስ አንድ ሁለት ቀን የቆየ ቁስል ነው።

ክር ያለበት መንጠቆ ሲገኝ ከመሳብ በፊት አንድ ነገር ይጣራል፤ የክሩ ሌላ ጫፍ የት ነው? ክር ከምላስ ሥር ተጠምጥሞ ቀሪው ወደ ሆድ ከወረደ አንጀት ክሩ ላይ ይሰበሰባል፤ ክሩም አንጀቱን እየቆረጠ ሊበሳው ይችላል። ጎትቶ ማውጣት መግደል ነው። የዚህችኛዋ ክር አጭር ነበር፤ ሌላው ጫፍም ውጭ ላይ ተቆርጦ ይታይ ነበር።

ቀጥሎ የጠየቅነው «መድኃኒት ሰጥተዋታል?» ብለን ነው። ጎረቤት ግማሽ ፓራሲታሞል እንዲሰጧት መክሯቸዋል። አፏ አልከፈት ብሎ ተዉት። እዚህ ላይ ያ መንጠቆ ሕይወቷን አተረፈ ማለት ይቻላል። የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን እንደ ሰው አጣርቶ ማስወገድ አይችልም፤ ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ከግማሽ ኪኒን ያነሰ እንኳ ሊገድላት ይችላል። ይህን ለሰማ ሁሉ እንነግራለን፤ ግን ፓራ በየቤቱ አለ፣ ምክርም በየአጥሩ አለ።

የመጨረሻው ችግር በጆሮ ማዳመጫው ተገኘ። ልቧ በደቂቃ 210 ያህል ይመታል፣ በምቱ መካከልም የሚያጉረመርም ድምፅ አለ። በፍርሃት ላይ ያለች ድመት ልቧ 200 ቢያልፍ አይገርምም። የማጉረምረሙን ምክንያት ለማወቅ ግን የልብ አልትራሳውንድ ያስፈልጋል፤ እኛ ጋ የለም። ስለዚህ የልብ ሕመም እንዳለባት አድርገን ለመያዝ ወሰንን።

ከፊታችን የነበሩ አማራጮች

መንጠቆ ማውጣት በራሱ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ከባዱ ድመቷን በሕይወት፣ እኛንም ሳንነከስ እዚያ ደቂቃ ላይ ማድረስ ነው።

በጉልበት መያዝ አንዱ አማራጭ ነበር። ብርድ ልብስ መጠቅለል፣ ሁለት ሰው መጫን፣ መጎተት። በየሠፈሩ የሚደረገው ይኸው ነው። የታመመ ልብ ያላት ድመት በትግል ውስጥ ልትሞት ትችላለች፤ ያልተከተበች ድመት ንክሻም ቀልድ አይደለም።

ኬታሚን የተባለው ማደንዘዣ ነበረን። ኬታሚን ግን ልብን ያስሮጣል፤ በድመት ላይ በብዛት የሚታየው፣ የልብ ጡንቻ የሚወፍርበት በሽታ ካለባት ይህ መጥፎ ነው። ዳያዜፓም የተባለው ማረጋጊያ ብቻውን ደግሞ አንዳንድ ድመት ላይ ነገሩን ይገለብጠዋል፤ ይረጋጋል የተባለው እንስሳ ያብዳል።

ዛይላዚን ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1962 ጀርመን ውስጥ ባየር የሠራው መድኃኒት ነው፤ መጀመሪያ የታሰበው ለሰው የደም ግፊት ነበር። ዛሬ በአገራችን የእንስሳት ሐኪም ሁሉ ያውቀዋል። ያረጋጋል፣ ጡንቻ ያላላል፣ ሕመምም በመጠኑ ያስታግሳል። ችግሩ የልብ ምትን ማውረዱ፣ የደም ሥርን ማጥበቡና ድመትን ማስታወኩ ነው። ድመት እንድታስታውክ ሲፈለግ ሆን ተብሎ ይሰጣል። ሙሉው ልክ በኪሎ እስከ 1 ሚሊግራም ድረስ ነው። ይህን ለዚህች ልብ መስጠት፣ መልሶ የሚያነቃው ዮሂምቢን ወይም አቲፓሜዞል በእጅ ሳይኖር፣ ቁማር ነው የሚሆነው።

ሐሳቡን ያመጣው ባልደረባዬ ነው። የእንስሳት አኩፓንክቸር ሥልጠና ወስዷል። እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለውን ነገር በጥርጣሬ ነው የማየው። ነገር ግን ያቀረበው ሐሳብ መድኃኒቱን በመርፌ ብቻ እንተካው የሚል አልነበረም። ያንኑ የምናውቀውን መድኃኒት አንድ አሥረኛውን ብቻ እንስጥ፣ ቦታው ግን ጡንቻ ሳይሆን ግንባር ላይ ያለው ነጥብ ይሁን ነው ያለው። ካልሠራ የምናጣው ሩብ ሰዓት ነው። ይህ ስሌት ስላሳመነኝ ተስማማሁ።

ነጥቡና ከጀርባው ያለው ሐሳብ

ነጥቡ ዪን ታንግ ይባላል። በሁለቱ ዓይኖች መካከል፣ በግንባሩ መሐል መስመር ላይ ነው። በቻይና ሕክምና ጭንቀትን የሚያበርድ ቦታ ተደርጎ ይቆጠራል። በአኩፓንክቸር ነጥብ ላይ መድኃኒት መውጋት በእንስሳት ሕክምና አዲስ አይደለም። ዓለም አቀፉ የእንስሳት አኩፓንክቸር ማኅበር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1974 ነው የተመሠረተው። በተለይ የብራዚል ተመራማሪዎች ውሾች ላይ ሞክረውታል፤ አሴፕሮማዚን የተባለውን ማረጋጊያ አንድ አሥረኛ ልክ በዚሁ ነጥብ ሰጥተው ማረጋጋቱን ጽፈዋል። ድመት ላይም ተመሳሳይ ሙከራዎች አሉ። ጥናቶቹ በጥቂት እንስሳት ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ይህን ማስታወስ ጥሩ ነው።

ለምን ይሠራል ለሚለው የሚሰጠው ማብራሪያ እንዲህ ነው። እነዚህ ነጥቦች ብዙዎቹ የነርቭ ጫፍና ትናንሽ የደም ሥር የበዛባቸው ቦታዎች ናቸው። ግንባሩ ላይ ያለው ደግሞ የፊትን ስሜት የሚሸከመው ትልቁ ነርቭ ቅርንጫፎች የሚደርሱበት ነው። ነጥቡ ሲነካ አካል የራሱን ሕመም ማስታገሻዎች፣ እነ እንዶርፊንን፣ ይለቃል። የእንዶርፊንን ሥራ የሚያግደው ናሎክሶን ሲሰጥ የአኩፓንክቸር ማስታገስ እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ታይቷል። የተወጋው ፈሳሽ ተመጥጦ እስኪያልቅ ቦታውን ስለሚወጥር መርፌው ከወጣም በኋላ መነካቱ ይቀጥላል። መድኃኒቱም ከዚያው ወደ ደም ይገባል። ከእነዚህ የትኛው ምን ያህል ድርሻ እንዳለው አንዲት ድመት አትነግረንም።

የወሰድናቸው እርምጃዎች

*ጸጥታ።* ካርቶኑን የጓዳ ክፍል ውስጥ አስገብተን በጋቢ ሸፈንነው። መብራት ጠፋ፣ በር ተዘጋ። እናትየዋ አጠገቧ ተቀመጡ። «አይዞሽ የኔ እመቤት» ይሏታል በየመሐሉ። የልብ ምቷ ወደ 180 እስኪወርድ ጠበቅን።

*ባዶ መርፌ።* ባልደረባዬ በመጀመሪያ ያለ መድኃኒት ቀጭኗን የአኩፓንክቸር መርፌ ሊሞክር ፈለገ። ድመቷ ራሷን አራግፋ መርፌዋን ወለሉ ላይ ጣለቻት። ይህ መንገድ ከዚህ አላለፈም። ሕመም ላይ ያለችና እንግዳ ቤት ውስጥ የገባች ድመት ሃያ ደቂቃ መርፌ ተሸክማ አትቀመጥም።

*ማቅጠን።* እዚህ ላይ ቀስ ልበል፤ አደጋው ያለው እዚህ ነው። ብልቃጡ በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊግራም ዛይላዚን አለው። ለ2.8 ኪሎ ድመት በኪሎ 1 ሚሊግራም ቢታሰብ 2.8 ሚሊግራም ነው፤ አንድ አሥረኛው 0.28 ሚሊግራም ይሆናል። ከብልቃጡ በቀጥታ ቢቀዳ 0.014 ሚሊ ሊትር ነው። ይህን የሚለካ ሲሪንጅ የለም። መርፌው አፍንጫ ላይ የሚቀረው ጠብታ ራሱ ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ 0.1 ሚሊ ሊትር ዛይላዚን ከ0.9 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን (ለመርፌ የሚሆን የጨው ውሃ) ጋር ቀላቀልን። አሁን አንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 2 ሚሊግራም አለ፤ የሚያስፈልገንም 0.14 ሚሊ ሊትር ሆነ። በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት በሚለካው የኢንሱሊን ሲሪንጅ ላይ ይህ የ14 ዩኒት መስመር ነው። አንዳችን አሰላን፣ ሌላችን ሳያይ ለብቻው አሰላ፣ ከዚያ አስተያየን። የተቀላቀለው ሲሪንጅ ላይ ፕላስተር ለጥፈን ስሙንና መጠኑን ጻፍንበት።

*መውጋት።* ረዳታችን ድመቷን በፎጣ ጠቅልሎ ራሷን ብቻ አስወጣ። ባልደረባዬ በዓይኖቿ መካከል ያለውን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥጦ አነሳው፤ መርፌውን አስተኝቶ ከቆዳ ሥር፣ ወደ ላይ፣ ከዓይኖቹ ርቆ አስገባው። ከቆዳው ሥር የምስር ፍሬ የምታክል እብጠት ተነሳች። ድመቷ ጆሮዋን ከማጠፍ በቀር ምንም አላለችም።

*መጠበቅ።* ጋቢው ተመለሰ። ማንም አልነካትም፣ ማንም አላወራም። አሥር ደቂቃ ገደማ ሲሆን ጭንቅላቷ መክበድ ጀመረ። ሩብ ሰዓት ላይ አገጯ ፎጣው ላይ ዐረፈ፤ ከዓይኗ ጥግ የሚወጣው ሦስተኛው ሽፋን እስከ ግማሽ ድረስ ዓይኗን ሸፈነ። ፊቷን መቧጨር አቆመች። የልብ ምት 150፣ ትንፋሿ እኩል፣ ድዷ ሐምራዊ ያልነካው ቀላ ያለ። አላስታወከችም። ስጠራት ጆሮዋ ይዞራል፤ ተኝታ ሳይሆን ቀዝቅዛ ነው።

*ማደንዘዝ።* ከንፈሯን በጓንት ጫፍ ስነካው ግን ፍጥነቷ እንዳለ ነበር። እጄን በጊዜ ባላነሳ ጥርሷ ይደርስ ነበር። ይህ የጠበቅነው ነው። ስለዚህ ከዓይን በታች ባለችው የአጥንት ቀዳዳ በኩል ወደ ላይኛው ከንፈር የሚወጣውን ነርቭ በ2 በመቶ ሊዶካይን አደነዘዝን፤ 0.15 ሚሊ ሊትር ብቻ። ድመት ላይ ያ ቀዳዳ በጣም አጭር ነው፤ መርፌው ጠልቆ ከገባ ዓይን ይወጋል። መርፌውን በቀዳዳዋ አፍ ላይ አቁሞ መስጠት ይበቃል። የሊዶካይን ጣሪያም አለ፤ ድመት ከውሻ ይልቅ ለመመረዝ ትቀርባለች።

*መንጠቆውን ማውጣት።* መንጠቆ ወደኋላ አይሳብም፤ እሾኋ ሥጋውን ይዛ ትቀዳለች። ወደፊት ገፍተነው እሾኋ በቆዳው በኩል ብቅ አለች። እናትየዋ ከዓሣ አጥማጅ ልጅ ተውሰው ባመጡት ፒንሳ ቆረጥናት፤ የተቆረጠው ጫፍ ተፈናጥሮ ዓይን እንዳይመታ በጨርቅ ሸፍነን ነው። ቀሪው ብረት በገባበት መንገድ ተመለሰ። መግሉን በብዙ ሳላይን አጠብን። ቁስሉን አልሰፋነውም፤ መግል የያዘ ቁስል ክፍት ሆኖ መፍሰስ አለበት።

*ከዚያ በኋላ።* ሙቅ ውሃ የያዘ ፕላስቲክ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልለን አጠገቧ አደረግን። ዛይላዚን የሰውነት ሙቀትን ያወርዳል፤ ሐዋሳ ሞቃት ናት ብሎ መዘናጋት ልክ አይደለም፤ የብረት ጠረጴዛ የትም ቀዝቃዛ ነው። ከቆዳ ሥር ፈሳሽ ሰጠናት፣ አሞክሲሲሊን ጨመርን። ለሚቀጥለው ቀን ሕመም ሜሎክሲካም አንዴ፣ በኪሎ 0.1 ሚሊግራም ሰጠን። የእኛ ብልቃጥ ለከብት የተሠራው፣ በሚሊ ሊትር 20 ሚሊግራም ያለበት ነው፤ እሱም እንደዚያው ቀጥኖ ነው የተሰጠው። ኩላሊቷን ስለማናውቅ አልደገምነውም። ማምሻውን በራሷ ቆማ ውሃ ጠጣች።

የሠራውና ያልሠራው

ትንሿ ልክ በነጥቡ ላይ አንድ ነገር ሠርታልናለች፤ ለማደንዘዣው መርፌ በር ከፈተች። ድመቷ ሳትታገል፣ ልቧ ሳይሮጥ፣ እኛም ሳንነከስ ሊዶካይኑን መስጠት ቻልን። መንጠቆው ሲወጣ ያልተሰማት ግን በሊዶካይኑ ነው። ዪን ታንግ ላይ ወግተን ብቻ ወደ ፒንሳው ብንሄድ ኖሮ ነገሩ በጩኸት ያልቅ ነበር። «የአኩፓንክቸር ነጥብ ሕመም አጠፋ» የሚል ወሬ ከዚህ ጉዳይ እንዲወጣ አልፈልግም።

ፊት በማየት ሕመምን መለካትም በዚህ ሰዓት አይሠራም። የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጡት የድመት ፊት መለኪያ አለ፤ ጆሮ፣ ዓይን፣ አፍ አካባቢ፣ ጢምና የራስ አቀማመጥ ይታያል፤ ከ10 አራትና ከዚያ በላይ ከሆነ ማስታገሻ ይሰጣል። ስትመጣ ከፍተኛ ነጥብ ነበራት። ከማረጋጊያው በኋላ ግን ዓይኗ የጠበበው በመድኃኒቱ ይሁን በሕመሙ፣ ራሷ ያዘነበለው በእንቅልፍ ይሁን በሥቃይ መለየት አይቻልም። የተረጋጋች ድመት ፊት ብዙ ይደብቃል። ስለዚህ ያመንነው ከንፈሩን ስንነካ ያደረገችውን ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያስተማረን ሁለተኛው ጉብኝት ነው። ከቀናት በኋላ ቁስሉ ውስጥ መግል እንደገና ስለተጠራቀመ መታጠብ ነበረበት። ያው ልክ፣ ያው ነጥብ፣ ያው እጅ። ቀኑ ግን የገበያ ቀን ነበር። በር ላይ የታሰረ ውሻ ይጮሃል፣ ባጃጅ ጡሩንባውን ይነፋል፣ በግ ያመጡ ሰዎች በዋጋ ይከራከራሉ። ሩብ ሰዓት አለፈ፣ ሃያ አለፈ። ድመቷ ዓይኗን እንዳፈጠጠች ናት። መርፌው የተወጋ አይመስልም።

ይህ የነጥቡ ውድቀት ብቻ አይደለም። ዛይላዚንና ዘመዶቹ የሚሠሩት አንጎል ውስጥ አድሬናሊን መሰሉን የንቃት መልእክት በማፈን ነው። እንስሳው በፍርሃት ተሞልቶ ያ መልእክት አስቀድሞ ከጎረፈ ሙሉው ልክ እንኳ ሊሸነፍ ይችላል። አንድ አሥረኛው ምን አቅም አለው?

ባልደረባዬ ጥቂት እንጨምር አለ፤ እኔ አይሆንም አልኩ። የተጨመረው መድኃኒት ድመቷ ቤቷ ገብታ ስትረጋጋ ከመጀመሪያው ጋር ተደምሮ ሊጥላት ይችላል፤ ያን ጊዜ አጠገቧ ማንም የለም። እስኪያልፍላት አቆይተናት ሸኘናት። በማግስቱ ማለዳ ክሊኒኩ ሳይከፈት አመጧት። ጓዳ፣ ጨለማ፣ ጋቢ፣ ያው የ14 ዩኒት መስመር። ራሷን አሳረፈች፤ እንደ መጀመሪያው ባይጠልቅም ቁስሉን ለማጠብ በቃ።

ነጥቡ ነው የሠራው ወይስ ትንሿ ልክ የትም ብትሰጥ ይህን ታደርግ ነበር? ይህን ከዚህ ጉዳይ መመለስ አይቻልም። ያንኑ 0.28 ሚሊግራም ጭን ላይ ሰጥተን አላወዳደርንም፤ ልናወዳድር ብለንም በእሷ ላይ ደግመን አንሞክርም። ባልደረባዬ ነጥቡ ነው ይላል። እኔ ጸጥታው፣ ነጥቡና መድኃኒቱ አብረው ነው እላለሁ፤ ከሦስቱ አንዱን ቀንስ ብባል ጸጥታውን የመጨረሻ አደርገዋለሁ። በሻይ ሰዓት አሁንም እንከራከርበታለን።

ለሌላ ጉዳይ የሚወሰድ

ይህ ዘዴ ቦታው ሙሉ ልክ የሚያስፈራበት አጭር ሥራ ላይ ነው። ያረጀች፣ የከሳች፣ ልቧ የሚያጠራጥር ድመት፤ ሥራው ደግሞ ቁስል ማጠብ፣ ደም መቅዳት፣ ነርቭ ማደንዘዝ። ማህፀን ለማውጣት ወይም አጥንት ለመጠገን አይሆንም። ጤነኛ ወጣት ድመት ከሆነችና መልሶ የሚያነቃው መድኃኒት ካላችሁ የተለመደው መንገድ ቀላልና አስተማማኝ ነው።

ማረጋጋትና ሕመም ማስታገስ ለየብቻ ይታቀዱ። ድመቷ ዝም ማለቷ አይሰማትም ማለት አይደለም። የሚያደነዝዘው ሊዶካይን ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ተቀድቶ፣ ልኩ ተጽፎ ይቀመጥ።

የከብት ብልቃጥ ለድመት ሲውል ማቅጠን ግዴታ ነው፤ ስሌቱም በሁለት ሰው ይሠራ። በቁጥሩ ውስጥ ያለችው የአሥርዮሽ ነጥብ ቦታዋን ብትስት ልኩ አሥር እጥፍ ነው። የቀጠነውን ሲሪንጅ ለነገ ብሎ ማስቀመጥም የለም፤ ነገ የሚያነሳው ሰው ምን እንዳለበት ላያውቅ ይችላል።

ካልሠራ መቆም ይቻላል። መንጠቆ በከንፈር ላይ አስቸኳይ ይመስላል፤ ክሩ ወደ ሆድ እስካልወረደና ትንፋሽ እስካልተዘጋ ግን አንድ ሌሊት ይጠብቃል። ቀጠሮውን ወደ ማለዳ ማዞር ወጪው የባጃጅ ብቻ ነው።

ነጥቡን መማር የሚፈልግ ባልደረባ ከሠለጠነ ሰው አጠገብ ቆሞ ይማር። ቦታው በሁለት ዓይን መካከል ነው፤ ድመት ደግሞ ራሷን ሳታስጠነቅቅ ታዞራለች። ያበጠ፣ የቆሰለ ወይም መግል የያዘ ቆዳ ላይ አይወጋም።

ለዓሣ ነጋዴዎችና ለአጥማጆች የምንለው አጭር ነው። መንጠቆ ያለበት የዓሣ ራስ ሜዳ ላይ አይጣል፤ ክሩም ተቆርጦ አይበተን። ድመታችሁ ላይ ክር ተንጠልጥሎ ካያችሁ አትጎትቱ፣ በአጭሩም አትቁረጡት፤ ጫፉ የሚታይ ሆኖ ይምጣ። ለሃጭ የምታዝረከርክ ድመትን በባዶ እጅ አትንኩ። የነከሰችው ወይም የቧጨረችው ሰው ካለ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ሩብ ሰዓት ያህል ታጥቦ ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ የድመቷ ጉዳይ እስኪለይ አይጠብቅ።